የአክሲዮን ገበያን የሚመራ ቦርድ በባለአክሲዮኖች ድምፅ እንዴት ይቀየራል?

የአክሲዮን ገበያ ራሱ ኩባንያ ነው። ብዙ ሰው ይህን ልብ አይለውም። የሌሎችን አክሲዮን የሚያገበያየው ድርጅት የራሱም አክሲዮን አለው፤ ባለቤቶችና ቦርድም አሉት። የሆንግ ኮንጉ በ2000፣ የፍራንክፈርቱ ዶይቸ በርዘና የለንደኑ ደግሞ በ2001 የራሳቸውን አክሲዮን በራሳቸው ገበያ ላይ ማገበያየት ጀምረዋል (ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። እንግዲህ ቦርዱ ሲያጠፋ ሊጠይቀው የሚገባው ባለአክሲዮኑ ነው። አጠያየቁን በዋናነት ከለንደን ምሳሌ እየወሰድኩ ላሳያችሁ።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። ዛቪየር ሮሌ ከ2009 ጀምሮ የለንደን ስቶክ ኤክስቼንጅ ግሩፕ ዋና ሥራ አስፈፃሚ ነበሩ። በእሳቸው ዘመን የኩባንያው ዋጋ ከ800 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተነስቶ ወደ 14 ቢሊዮን ገደማ ደረሰ። ኦክቶበር 19 ቀን 2017 ኩባንያው ሮሌ በ2018 መጨረሻ እንደሚለቁ አስታወቀ። ከ5 በመቶ ትንሽ የሚበልጥ ድርሻ የነበረው የክሪስቶፈር ሆን የኢንቨስትመንት ፈንድ፣ ቲሲአይ፣ ነገሩ አልተዋጠለትም። ሰውየው ተገፍተው ነው የሚወጡት አለ። የቦርዱ ሰብሳቢ ዶናልድ ብራይደን እንዲነሱ፣ ሮሌ ደግሞ እንዲቆዩ ጠየቀ።

1. ስማችሁ መዝገብ ላይ መኖሩን አጣሩ

አክሲዮን ገዝቻለሁ ማለት ድምፅ አለኝ ማለት ላይሆን ይችላል። በብሮከር (በአገናኝ ደላላ) በኩል ከገዛችሁ፣ ብዙ ጊዜ የኩባንያው መዝገብ ላይ ያለው ስም የእናንተ ሳይሆን አክሲዮኑን በስሙ የያዘላችሁ ድርጅት ነው። ጉባኤው የሚያውቀው እሱን ነው። ብሮከራችሁን ዛሬውኑ ጠይቁ፦ ድምፄን እንዴት ነው የምሰጠው? የጉባኤ ጥሪ ይደርሰኛል ወይ?

መዝገቡን ራሱ ማየትም ይቻላል። በእንግሊዝ ሕግ ስምና አድራሻችሁን፣ መረጃውን ለምን እንደምትፈልጉት ጽፋችሁ ስትጠይቁ፣ ኩባንያው በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ወይ ያሳያችኋል ወይ ፍርድ ቤት ሄዶ ይከራከራል። ዝም ማለት አይችልም። ደጋፊ ፍለጋ የሚጀመረው ከዚህ መዝገብ ነው።

2. ስንት ወንበር ለምርጫ ክፍት እንደሆነ ቁጠሩ

የአክሲዮን ገበያ እንደ ማንኛውም ኩባንያ አይደለም። መንግሥት እጁን ያስገባበታል። ሆንግ ኮንግን ብንወስድ ቦርዱ ውስጥ 6 አባላትን መንግሥት ይሾማል፤ 6ቱን ባለአክሲዮኖች ይመርጣሉ፤ ዋና ሥራ አስፈፃሚውም በሥራው ምክንያት አባል ነው። ያለ ገበያ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ደግሞ ማንም 5 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ድምፅ መቆጣጠር አይችልም። ይህን ሳያጣራ ዘመቻ የሚጀምር ሰው ጉልበቱን በከንቱ ነው የሚጨርሰው።

ግን እዚያው ሆንግ ኮንግ በ2003 የባለአክሲዮኖች መብት ተሟጋቹ ዴቪድ ዌብ ከምርጫ ወንበሮቹ አንዱን አሸንፈው ገቡ። እስከ 2008 ቆዩ። እኔ ይሄኛውን መንገድ እመርጣለሁ። ክፍት ወንበር ካለ፣ ያለውን ሰብሳቢ ለማውረድ ከመታገል ጥሩ ሰው ጠቁሞ ማስመረጥ ይሻላል። መራጩም የሚመርጠው ሰው ፊቱ አለ።

3. ጥያቄያችሁን አንድ አድርጉ

ቲሲአይ እንቅፋት የመታው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሁለት ነገር ነው የጠየቀው፦ ሰብሳቢው ይውረዱ፣ ሥራ አስፈፃሚው ይቆዩ። የመጀመሪያውን ባለአክሲዮኖች በድምፅ መወሰን ይችላሉ። ሁለተኛው ግን የቦርዱና የሰውየው የራሳቸው ጉዳይ ነው። ኖቬምበር 29 ሮሌ ወዲያውኑ ለቀቁና ሁለተኛው ጥያቄ ወደቀ። ያን ዕለት ብራይደንም በ2019ኙ ጉባኤ ለዳግም ምርጫ እንደማይቀርቡ አሳወቁ። ታዲያ የቀረው ጥያቄ ምንድን ነው? መሄጃቸውን የተናገሩ ሰብሳቢ አሁኑኑ ይሂዱ ማለት ብቻ ሆነ። ሥራ አስፈፃሚም ሰብሳቢም የሌለው ኩባንያ ደግሞ ማንንም ባለአክሲዮን ያስፈራል።

ስለዚህ ጥያቄያችሁ "አዎ" ወይም "አይ" ተብሎ የሚመለስ፣ የሌላ ሰው ፈቃድ የማይጠብቅ ይሁን።

4. ትልልቆቹን ቀድማችሁ አነጋግሩ

ድምፅ የሚገኘው ከጉባኤው በፊት ነው። የሚገኘውም የጡረታ ፈንዶችና የትልልቅ ኢንቨስተሮች ቢሮ ውስጥ ነው። በ2005 ዶይቸ በርዘ የለንደኑን ገበያ በ1.3 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ሊገዛ ሲል የዶይቸ በርዘ ባለአክሲዮን የነበረው ይኸው ቲሲአይ ተቃወመ። ያኔ ግን ብቻውን አልነበረም። አቲከስ የተባለው ፈንድና ሌሎችም አብረውት ቆሙ። ማርች ላይ ግዢው ቀረ። ሜይ ላይ፣ ዓመታዊ ጉባኤው ሳይደርስ፣ የዶይቸ በርዘ ዋና ሥራ አስፈፃሚ ቬርነር ዛይፈርት ለቀቁ። የኩባንያው ተቆጣጣሪ ቦርድ ሰብሳቢ ሮልፍ ብሮየርም እንደሚለቁ ተነገረ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። መነጋገር ሌላ፣ ተባብሮ ኩባንያ መቆጣጠር ሌላ ነው። የጀርመኑ ተቆጣጣሪ ባፊን እነዚያ ፈንዶች ተባብረው ይሆን ብሎ ምርመራ ከፍቶ ነበር። ከሌሎች ጋር የጽሑፍ ስምምነት ከመፈራረማችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ።

5. ጥያቄውን በሕጉ መንገድ አስገቡ

በ2006ቱ የእንግሊዝ የኩባንያዎች ሕግ 5 በመቶ ድምፅ ያለው ባለአክሲዮን አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ እንዲጠራ መጠየቅ ይችላል። ቦርዱ በ21 ቀን ውስጥ ጥሪ ያወጣል። ጥሪው በወጣ በ28 ቀን ውስጥ ጉባኤው ይካሄዳል። የቦርድ አባልን ለማንሳት ከተሰጠው ድምፅ ከግማሽ በላይ ይበቃል። ሊነሳ የታሰበው ሰውም መልሱን በጽሑፍ የማሰራጨት፣ ጉባኤው ላይም የመናገር መብት አለው። መብቱን አክብሩለት።

5 በመቶ ከየት ይመጣል? ለትንሹ ባለአክሲዮን ሌላ በር አለ። 100 ሰዎች ተሰባስበው፣ በአማካይ እያንዳንዳቸው የ100 ፓውንድ የተከፈለ አክሲዮን ካላቸው፣ በዓመታዊው ጉባኤ ላይ የውሳኔ ሐሳብ ማስያዝ ይችላሉ። እስከ 1,000 ቃላት የሚደርስ መግለጫም ኩባንያው ለባለአክሲዮኖች እንዲልክላቸው ማድረግ ይችላሉ።

100 ፓውንድ ትንሽ ይመስላል። ስሌቱን እንየው። ሕጉ የሚቆጥረው የገበያ ዋጋውን ሳይሆን አክሲዮኑ ላይ የተጻፈውን ዋጋ ነው። የለንደኑ ኩባንያ አንድ አክሲዮን የተጻፈ ዋጋው 7 ፔንስ እንኳ አይሞላም፤ 6 ከ79/86 ፔንስ ነው (100 ፔንስ 1 ፓውንድ ነው)። 100 ፓውንድ ለመሙላት ወደ 1,446 አክሲዮን ያስፈልጋል። በ2017 መጨረሻ የገበያ ዋጋ ይህ ለአንድ ሰው ከ50 ሺህ ፓውንድ በላይ ነው! በሩ ክፍት ነው፤ ግን ጠባብ ነው። ሊሻሻል የሚገባው ሕግ ይመስለኛል። እስከዚያው አማካይ መሆኑን ተጠቀሙበት፦ ብዙ የያዘ ሰው ትንሽ ለያዙት ይሞላል።

6. ተቆጣጣሪውን አትርሱ

የአክሲዮን ገበያና አብሮት ያለው የማጣሪያ ድርጅት (በሻጭና በገዢ መካከል ክፍያው በትክክል መፈጸሙን የሚያረጋግጠው) ቢናጋ የአገር ኢኮኖሚ ይናጋል። ስለዚህ አንድም አክሲዮን የሌለው ሰው ሚዛኑን ሊቀይረው ይችላል። በኖቬምበር 2017 መጨረሻ የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ ገዢ የነበሩት ማርክ ካርኒ፣ ሮሌ ከተስማሙበት ጊዜ በላይ የሚቆዩበት ሁኔታ እንደማይታያቸው በአደባባይ ተናገሩ። ሮሌ በማግሥቱ ለቀቁ። ዘመቻ ከመጀመራችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ የምንፈልገውን ብናገኝ ነገ ገበያውን ማን ይመራዋል? ለዚህ መልስ ከሌላችሁ ተቆጣጣሪው ከጎናችሁ አይቆምም።

7. ውክልና ሰብስቡ፣ ቀኑንም ቁጠሩ

አብዛኛው ድምፅ የሚሰጠው በውክልና ነው። ኩባንያው የውክልና ቅጽ ከጉባኤው 48 ሰዓት ቀድሞ መቀበል ሊያቆም ይችላል፤ የሥራ ያልሆኑ ቀናት አይቆጠሩም። ብራይደን ይነሱ አይነሱ የተባለበት የለንደኑ ጉባኤ ዲሴምበር 19 ቀን 2017፣ ማክሰኞ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ለሚደረግ ጉባኤ ቅዳሜና እሁድ ሲወጡ መዝጊያው ዓርብ ጠዋት ይሆናል። ብሮከሮች ደግሞ ከዚያም ቀድመው ይዘጋሉ። ሰኞ እልካለሁ ያለ ሰው ድምፁ ቀረ ማለት ነው።

ድምፁ በአክሲዮን ብዛት መቆጠሩንም አረጋግጡ። እጅ በማውጣት ከሆነ አንድ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ ነው።

8. ብትሸነፉም ቁጥሩን ያዙ

ያን ማክሰኞ 79 በመቶ ገደማው ድምፅ ብራይደን እንዲቆዩ ወሰነ። 21 በመቶ ገደማው ይውረዱ አለ። ቲሲአይ ተሸነፈ። ግን ሰብሳቢው የመውጫ ጊዜያቸውን የተናገሩት በዚሁ ግፊት መሃል ነበር፤ በ2019ም ወጡ። በ2018 የወጣው የእንግሊዝ የኩባንያ አስተዳደር ደንብም 20 በመቶና ከዚያ በላይ ድምፅ የቦርዱን ሐሳብ ሲቃወም፣ ኩባንያው ምን እንደሚያደርግ እንዲያስረዳና በ6 ወር ውስጥ የደረሰበትን እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ስለዚህ 20 በመቶን እንደ ሁለተኛ ግብ ያዙት።

አገር ቤት ያላችሁ ባለአክሲዮኖችስ?

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም የአክሲዮን ማኅበር ነው። በጃንዋሪ 2025 ሥራ ጀመረ። መንግሥት 25 በመቶ አለው። ቀሪውን የግል ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና የውጭ ኢንቨስተሮች ይዘውታል። ከእነዚያ ባንኮች የአንዱ አክሲዮን ካላችሁ፣ በገበያው ጉባኤ ላይ የሚቆጠረው ድምፅ የባንኩ ነው። እናንተ ባንኩን የምታገኙት በራሱ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ነው።

እዚያ ይህን ጠይቁ፦ ባንካችን በገበያው ውስጥ ስንት በመቶ አለው? በጉባኤው ማን ወከለን? ለቦርድ እነማንን መረጠ? መልሱ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር አድርጉ። ጉባኤው ላይ መገኘት ካልቻላችሁ፣ ውክልናውን የምትሰጡት ሰው ጥያቄውን በስማችሁ እንዲያነሳ በጽሑፍ ስጡት።