ወኔ ሳይጠብቁ የንባብ ልማድ ማስያዝ

ብዙ ሰው መጽሐፍ የሚጀምረው በመስከረም ነው። «ዘንድሮ 24 መጽሐፍ አነባለሁ» ይላል፤ ጥቅምት ሳይጋመስ መጽሐፉ ቴሌቪዥኑ ሥር አቧራ ይጠጣል። ሰውየው ራሱን ሰነፍ ብሎ ይሰድባል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የልኬት ነው፦ ዕቅዱ የወጣው ወኔ በሞላበት ቀን ነው፣ የሚፈጸመው ግን ደክሞ በሚገባበት ቀን። መጠኑ መለካት ያለበት በደካማው ቀን ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። ከሥራ ደክመው በገቡበት ምሽት የስልክዎን ሰዓት ለ10 ደቂቃ ይሙሉና በተለመደው ፍጥነትዎ ያንብቡ። ስንት ገጽ እንደሄዱ ይጻፉ። ሦስት ምሽት ይህንኑ ያድርጉና ትንሹን ቁጥር ይያዙ። 4 ገጽ ከሆነ የቀን ድርሻዎ 4 ገጽ ነው፤ 200 ገጽ ያለው መጽሐፍ በ50 ቀን ያልቃል፣ በዓመት ሰባት ያህል መጽሐፍ ይሆናል። ጥሞዎት ከቀጠሉ ማንም አይከለክልዎትም፤ የነገው ድርሻ ግን ያው 4 ነው። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፦ አንድ ቀን 30 ገጽ ያነባሉ፣ በማግስቱ 4 ገጽ ያሳፍራቸዋል፣ አፍረው ይተዉታል።

ቀጥሎ ንባቡን በየቀኑ ከሚያደርጉት ነገር ጋር ማሰር ነው። «ማታ አነባለሁ» የሚለው አይይዝም፤ ማታ ሰፊ ነው። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ ያሳየው፣ «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» ብሎ መቼና የት የወሰነ ሰው ያሰበውን የመፈጸም ዕድሉ ከፍ እንደሚል ነው። ጎንደር ቤት ውስጥ ደግሞ ከቡና የተሻለ ማሰሪያ አይገኝም። «የአቦሉን ስኒ ሳስቀምጥ መጽሐፉን አነሳለሁ» ይበሉ፤ ቶናው እስኪፈላ ድረስ 4 ገጽ ይሄዳል። መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ሳይሆን ረከቦቱ አጠገብ ይቀመጥ፣ ስልኩ ሌላ ክፍል ይዋል። ቡናውን የምታፈላዋ እጇ ስለማይፈታ ለእሷ ይህ አይሠራም። ያን ጊዜ አንዱ ጮክ ብሎ ሁለት ገጽ ያንብብ፣ ሌላው ይስማ፤ በየቀኑ ተራ ይቀያየሩ። የጎረቤት ቡና ላይ ግን መጽሐፍ ገልጦ መቀመጥ ነውር ነው፤ እዚያ አይሞክሩት።

የቡናው ማሰሪያ የሚላላበት ወቅትም አለ። በ55ቱ ቀን ዐቢይ ጾም እስከ ከሰዓት በኋላ የሚጾም ሰው የጠዋት ቡናው ይቀርበታል። ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሁለተኛ ማሰሪያ ይያዙ፦ ለአንዱ ከኪዳን መልስ፣ ለሌላው ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ለቢሮ ሠራተኛ ከምሳ ተነስቶ ሥራ እስኪገባ ያለው ጊዜ። በእንግዳ ሰሞን ድርሻው ወደ 1 ገጽ ይውረድ እንጂ ወደ ዜሮ አይውረድ። መብራት ሲጠፋ ሰበብ እንዳይገኝ ቻርጅ የተደረገ ባትሪ ከመጽሐፉ ጎን ይኑር። በስልክ የሚያነቡ ከሆነ ሳይከፍቱት በፊት ዳታውን ያጥፉ፤ አለዚያ ሦስተኛው መስመር ላይ ቴሌግራም ይጠራዎታል።

ከአዘዞ ወይም ከማራኪ ወደ ፒያሳ ሲጓዙ ባጃጅ ውስጥ ለማንበብ አይታገሉ፤ መንገዱ ዓይን ያደክማል፣ አንዳንዱንም ያቅለሸልሻል። ያ ጊዜ ለማስታወስ ይሻላል፦ መጽሐፉ እንደተዘጋ ትናንት ያነበቡትን ለራስዎ ይንገሩ። የአብነት ተማሪ ይህን ያውቀዋል። የአቋቋም፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የማሕሌት ትምህርት፣ ማስመስከሪያ በሆነው በጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን ተማሪው የተቀበለውን ቀለም በቃሉ ደጋግሞ ይቀጽላል እንጂ ሲያይ ብቻ አይውልም። እ.ኤ.አ. በ2006 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒክ ባሳተሙት ሙከራም ጽሑፉን ደጋግመው ካነበቡት ይልቅ ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት ከሳምንት በኋላ የበለጠ ይዘው ተገኝተዋል። ለዚህ አንድ ደብተር ይበቃል። ከ4ቱ ገጽ በኋላ መጽሐፉን ዘግተው አንድ ዓረፍተ ነገር በራስዎ ቃል ይጻፉ። መጽሐፉን ሳይገልጡ መጻፍ ካልቻሉ ዓይንዎ አንብቧል፣ ልብዎ ሌላ ቦታ ነበር፤ በማግስቱ ያንኑ 4 ገጽ ይድገሙ።

የማነቃቂያ መጽሐፍ የሚወዱ ሰዎች የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። ማንበቡ ራሱ የመለወጥ ስሜት ይሰጣል፤ ስሜቱ ሲበርድ ሌላ መጽሐፍ ይገዛሉ፣ ኑሮው ግን እንደነበረ ነው። መድኃኒቱ ከአንድ መጽሐፍ አንድ ድርጊት ማውጣትና 30 ቀን ሳይሞላው ሁለተኛ የማነቃቂያ መጽሐፍ አለመክፈት ነው። ድርጊቱ በቁጥር ይነገር። «ቆጣቢ እሆናለሁ» ሳይሆን «ደመወዝ በገባ ዕለት፣ ገበያ ሳልወጣ፣ 200 ብር አስቀምጣለሁ»። «ጤናዬን እጠብቃለሁ» ሳይሆን «ማክሰኞና ሐሙስ ከፒያሳ ወደ ቤት በእግር እሄዳለሁ»። በመሃሉ ልብ ወለድ ወይም ታሪክ ያንብቡ፤ የዕለቱን 4 ገጽ የሚያስናፍቀው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ለጀማሪ የመጀመሪያው መጽሐፍ ከ150 ገጽ ባይበልጥ ጥሩ ነው። እስከ 40ኛው ገጽ ካልሳበዎት ይለውጡት፤ መጽሐፍ አቋርጦ መተው ኃጢአት አይደለም።

መቁጠሪያውን በተመለከተ የእኛ ወር ይመቻል፤ ከጳጉሜን በቀር ሁሉም 30 ቀን ነው። በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ 30 ሳጥን ይሥሩና ባነበቡበት ቀን ምልክት ያድርጉ። «ልማድ በ21 ቀን ይያዛል» የሚለውን አይመኑት። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ድርጊቱ ያለ ትግል እስኪመጣ በአማካይ 66 ቀን ፈጅቷል፤ ፈጣኑ በ18 ቀን፣ ዘገምተኛው ወደ 254 ቀን። በ21ኛው ቀን አሁንም ከብዶዎት ከሆነ ምንም አልተበላሸም። በዚያው ጥናት አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንዳላፈረሰውም ታይቷል። የዘለሉትን 4 ገጽ በማግስቱ ለማካካስ 8 አያንብቡ፤ ዕዳ የሆነ ንባብ ይሸሻል። ሁለተኛ ቀን ተከታትሎ እንዳይዘለል ብቻ ይጠንቀቁ።

ወሩ ሲያልቅ ምልክቱ ከ15 በታች ከሆነ ለመጪው ወር ድርሻውን ወደ 2 ገጽ ይቀንሱ። ከ25 በላይ ከሆነ 1 ገጽ ይጨምሩ፣ ከዚያ በላይ አይጨምሩ። የጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀናት ዓመቱን ለመመርመር ያውሏቸው፦ ሳጥኖቹ የሳሱባቸውን ወራት ይዩ፣ ጾሙ፣ ድግሱ ወይስ የሥራው ጫና እንደነበር ከጎናቸው ይጻፉ፣ ለእነዚያ ወራት ሌላ ማሰሪያ ይምረጡ፤ መስከረም 1 የሚጀምረውን መጽሐፍም ያኔውኑ ረከቦቱ አጠገብ ያስቀምጡ።