በልብስ የተነሳ ከውድድር እንዳትባረሩ

እ.ኤ.አ. በ2021 የቪየና ማራቶን ደራራ ሁሪሳ አንደኛ ሆኖ ገባ። ደስታው ግን ብዙም አልቆየም። ውጤቱ ተሰረዘና ድሉ ለኬንያዊው ሊዮናርድ ላንጋት ተሰጠ። አበረታች መድኃኒት ተገኝቶበት አይደለም፣ መንገድ አቋርጦም አይደለም። የጫማው ሶል 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ነበረው፣ ደንቡ ደግሞ ከ4 በላይ አይፈቅድም። በቃ። አዘጋጆቹ እንዳሉት ከውድድሩ በፊት በሞላው ቅጽ ላይ ያሰፈረው ሌላ፣ የተፈቀደ ጫማ ነበር።

42 ኪሎ ሜትር ሮጦ በአንድ ሴንቲ ሜትር መውደቅ ያንገበግባል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የልምምድ ጫማና የውድድር ጫማ በአንድ ቦርሳ አታስቀምጡ። ወፍራም ሶል ያላቸው የልምምድ ጫማዎች ሱቅ ሞልተዋል፣ ይሸጣሉ ማለት ግን ለውድድር ይፈቀዳሉ ማለት አይደለም።

ቀጥሎ ደንቡን ፈልጉ። የዘንድሮውን ነው የምላችሁ። አምና ጓደኛችሁ የላከላችሁን ፋይል ተዉት። በትራክ ውድድር ለምሳሌ ከ800 ሜትር ጀምሮ 25 ሚሊ ሜትር ሶል ይፈቀድ ነበር፣ ከኖቬምበር 2024 ወዲህ ግን ለሁሉም ርቀት 20 ሆኗል። ያው ጫማ፣ ያው እግር፣ አሁን ያስባርራል። ደግሞ ደንቡ አንድ ብቻ አይደለም። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን አለ፣ ከሱ በላይ ደግሞ ውድድሩ ራሱ የሚጨምረው አለ። የለንደኑ የቴኒስ ውድድር ዊምብልደን ዋናው ምሳሌ ነው። ነጭ ማለት ነጭ ነው፣ ክሬም አይሆንም። ባለቀለም ጥለት ካለው ከ1 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ሮጀር ፌደረር በ2013 ብርቱካናማ ሶል ያለው ጫማ አድርጎ ገብቶ ሁለተኛ እንዳታደርገው ተብሏል፣ ያውም የውድድሩ ንጉሥ ሆኖ። ሴቶች ከቀሚሳቸው ስር ጠቆር ያለ ቁምጣ እንዲለብሱ የተፈቀደውም ገና በ2023 ነው።

አሁን ደንቡን ስታነቡ እያንዳንዱ አንቀጽ ለምን እንደተጻፈ ለዩ። ይሄ ነገር ብዙ ሰው አይገባውም፣ እኔ ግን ትልቁ ቁም ነገር እሱ ይመስለኛል። አንዳንዱ ለደህንነት ነው። አንዳንዱ ያለአግባብ ብልጫ እንዳይገኝ ነው። የቀረው ደግሞ ለመልክ ነው፣ እንዲያምር ወይም እንዲመሳሰል። ለምን መለየት አስፈለገ? በመልክ ደንብ ላይ መከራከርም ማስቀየርም ይቻላል። የደህንነት ደንብ ላይ ከዳኛ ጋር መጨቃጨቅ ግን ጊዜ ማባከን ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። ወደ ሜዳ ልንገባ ተሰልፈን አራተኛው ዳኛ ጣቴን ያዘው። «ይሄ ምንድን ነው?» «ቀለበት ነው፣ ግን በፕላስተር አሽጌዋለሁ» አልኩት፣ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ። «ማሸግህንማ አየሁ። አውልቀው።» ጣቴ አብጧል፣ ቀለበቱ አንጓው ላይ ሲደርስ አላልፍ አለ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሳሙና ስታገል ጨዋታው ተጀመረ። ቡድኔ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በ10 ሰው ተጫወተ። አሰልጣኙ ከዚያ ወዲህ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፣ «ሙሽራው» ነበር የሚለኝ።

የእግር ኳስ ደንብ ቁጥር 4 ይህን በግልጽ ያስቀምጠዋል። ጌጥ የሚባል ነገር ሁሉ ክልክል ነው፣ ቀለበት፣ ሐብል፣ የጆሮ ጌጥ፣ የጎማ አምባር ሳይቀር፣ በፕላስተር መሸፈንም አይፈቀድም። ማጋነን ከመሰላችሁ የስዊዘርላንዱን ሰርቬት ተጫዋች ፓውሎ ዲዮጎን አስታውሱ። በ2004 ጎል ሲገባ ደስታውን ሊገልጽ አጥር ላይ ወጣ። ሲዘል የጋብቻ ቀለበቱ አጥሩ ላይ ተያዘና ጣቱ ተቆረጠ። ይባስ ብሎ ዳኛው ቢጫ ካርድ ሰጡት።

ኳስ ተጫዋቾችን ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ግን ከማሊያ ስር የሚለበሰው ነው። ቦዲው የማሊያው እጅጌ ዋና ቀለም መሆን አለበት። ታይቱም ከቁምጣው ቀለም ጋር መሄድ አለበት። ካልሲ ላይ የሚጠመጠመው ፕላስተር እንኳ የካልሲውን ቀለም መያዝ አለበት። ቀይ ካልሲ ላይ ነጭ ፕላስተር ጠምጥማችሁ ከመጣችሁ ከሜዳው ጠርዝ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ሂጃብ ከ2014 ጀምሮ የተፈቀደ ነው፣ ሆኖም ጥቁር ወይም የማሊያው ቀለም መሆን፣ ከማሊያው ጋር አለመያያዝና አደጋ የሚያመጣ መርፌ አለመኖር ግድ ነው። በቅርጫት ኳስም በ2017 ተፈቅዷል። የቅልጥም መከላከያው ይበቃል አይበቃም የሚለውን ደግሞ አሁን ደንቡ ለተጫዋቹ ትቶታል። ትንሽዬዋን አድርጋችሁ እግራችሁ ቢሰበር ዳኛውን መውቀስ አይቻልም።

ወደ አትሌቲክስ እንምጣ። ደንቡ ልብሱ ንጹህ እንዲሆንና ቢረጥብ እንኳ እንዳያሳይ ይጠይቃል። ሱቅ ውስጥ ደረቁን አይታችሁ አትወስኑ። ከገዛችሁ በኋላ ቧንቧ ስር አርጥቡት፣ ጨምቁት፣ እጃችሁን ከውስጥ አስገብታችሁ ወደ መስኮት ዘርጉት። የጣታችሁ ቅርጽ ከታየ ዳኛውም ያየዋል። የደረት ቁጥርን ማጠፍና መቁረጥ አይቻልም፣ ስለዚህ ማሊያው ጠባብ ከሆነ ቁጥሩን ቀድማችሁ ለጥፋችሁ ሞክሩት። በነገራችን ላይ በባዶ እግር መሮጥ ዛሬም ይፈቀዳል! የሶል ጣጣ የሰለቸው እዚያ መሄድ ይችላል።

በብልጫ በኩል ቀልድ የለም። በ2009 የሮም የዓለም ሻምፒዮና ዋናተኞች 43 የዓለም ክብረ ወሰን ሰበሩ፣ ከጎማ መሰል ነገር የተሰሩ ዋና ልብሶች ለብሰው። ከ2010 ጀምሮ ልብሱ ከጨርቅ ብቻ ሆነ፣ የወንዶቹ ከእምብርት በላይ እንዳይወጣና ከጉልበት በታች እንዳይወርድ ተወሰነ። ሳይክል ላይ ደግሞ ካልሲ ይለካል። አዎ፣ ካልሲ። ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ስር ካለው ርቀት ከግማሽ በላይ መውጣት የለበትም። ሳቅ ይመጣል፣ ግን ረጅም ካልሲ ንፋስ ይቀንሳል ተብሎ ነው። ሲታጠብ የሚሳብ ካልሲ ስላለ ካጠባችሁት በኋላ ለኩት፣ አዲሱን ለክታችሁ አትርሱት።

የመልክ ደንብ ላይ ቅሬታ ካላችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፣ ብቻችሁንም አትሁኑ። የኖርዌይ የሴቶች የባህር ዳርቻ እጅ ኳስ ቡድን በ2021 በቢኪኒ ፋንታ ቁምጣ ለብሶ ተጫወተና 1500 ዩሮ ተቀጣ። ጩኸቱ በዓለም ተሰማ፣ በዚያው ዓመት ደንቡ ተቀየረ። የቼዙ የዓለም አንደኛ ማግነስ ካርልሰን በ2024 መጨረሻ ኒው ዮርክ ላይ በጂንስ ለውድድር ቀረበ፣ 200 ዶላር ተቀጣ፣ ዛሬ አልቀይርም ብሎ ከራፒድ (ፈጣን ቼዝ) ውድድሩ ወጣ። ፌዴሬሽኑ ደንቡን ሲያላላ ከራፒድ ይበልጥ ለሚፈጥነው ለብሊትዙ ተመለሰ፣ ያው በጂንስ። የዓለም አንደኛ ከሆናችሁ ይህን መንገድ ሞክሩት። ካልሆናችሁ ሱሪ ቀይሩ።

ለማንኛውም ቦርሳችሁ ውስጥ ትርፍ ይኑር። ሁለት ቀለም ቦዲ፣ ከካልሲው ጋር የሚሄድ ፕላስተር፣ ትርፍ ማሊያ። ደም የነካው ትጥቅ ለብሶ ወደ ሜዳ መመለስ ስለማይቻል ብዙ ክለቦች ቁጥር የሌለው ማሊያ የሚይዙት ለዚህ ነው። ሳሙናም ያዙ፣ ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በሃይማኖት ወይም በሕክምና ምክንያት የተለየ ነገር የምትለብሱ ከሆነ ፈቃዱን ከሳምንታት በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። «ችግር የለውም» ብሎ በስልክ የነገራችሁ ሰው በውድድሩ ቀን እዚያ ላይኖር ይችላል። ደብዳቤውን አትማችሁ ከጫማው ጋር አስቀምጡት፣ ስልካችሁ ውስጥ ብቻ ካለ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ቻርጅ ሲያልቅ ነው የሚፈለገው።