አንድ ቁሌት ለሁለት ቀን፦ ለባሕር ዳር ነን ካፌዎች

ነን ካፌ፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲውን ካፌ ትታችሁ በራሳችሁ የምትመገቡ ተማሪዎች ሆናችሁ ፔዳ ወይም ፖሊ ግቢ አካባቢ ከሆናችሁ፣ ኪሳችሁን የሚያራቁተው ሽሮው አይደለም። በየቀኑ የምትገዟት ሁለት ራስ ሽንኩርትና ጭላጭ ዘይት ናት። ስለዚህ ቁሌቱን አንዴ በደንብ ሠርታችሁ ሁለት ቀን ተመገቡበት።

ቅዳሜ ገበያ ውጡና አንድ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ግዙ። የፎገራ መስኖ ሽንኩርት ሲደርስ ዋጋው ቀለል ይላል። ደቃቁ ይረክሳል፣ መላጡ ግን ያሰለቻል፤ ጓደኛ ካለ አብራችሁ ላጡ።

ሽንኩርቱን አድቅቃችሁ ክተፉና ያለ ዘይት ጣዱት። እሳቱ መካከለኛ ይሁን። ሲይዝባችሁ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ አማስሉ። ውሃውን ጨርሶ ቡናማ ሲሆን ሁለት የቡና ሲኒ ዘይት፣ ቀጥሎ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ጨምሩ። በርበሬው እንዳያር ውሃ ጠብ አድርጉበት። የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ጨው መጨረሻ ላይ ይግቡ። ዘይቱ ዳር ዳሩን ወጣ ሲል ደርሷል። እዚህ ላይ መቸኮል አያዋጣም፤ ውሃ ያዘለ ቁሌት በባሕር ዳር ሙቀት ሳያድር ይኮመጥጣል። ጠዋትና ማታ አሙቁት፣ በደረቅ ማንኪያ ቅዱ፣ ፍሪጅ ከሌላችሁ ከሁለት ቀን አታሳልፉት።

የመጀመሪያው ማታ ሽሮ ነው። ሦስት ማንኪያ ቁሌት ላይ አራት የሻይ ብርጭቆ ውሃ አፍሉ። አንድ ብርጭቆ ሽሮ በአንድ እጅ እየነሰነሳችሁ በሌላው ምቱት፣ አለዚያ ይጓጉላል። ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይንተክተክ። ያልበሰለ ሽሮ ሆድ ይነፋል፤ ነገ ክፍል አለ።

በማግስቱ ምሳ ሩዝ። የፎገራ ሩዝ ብዙ ጊዜ ከውጭ ከሚገባው ይረክሳል፣ ሆድም ይይዛል። ጠጠሩን ለቅማችሁ እጠቡት። ለአንድ ብርጭቆ ሩዝ ሁለት ተኩል ውሃ፣ አንድ የተከተፈ ድንችና ጥቂት ቁሌት። ሲፈላ እሳቱን ቀንሳችሁ ክደኑ። ትንሽ ገንፎ ገንፎ ቢል እኔ አይከፋኝም።

ማታ ሐይቁን አስታውሱ። ዓሣ የሚበልቱ ሰዎች ሥጋውን ከገፈፉ በኋላ የቆረሶው (የቲላፒያው) ጭንቅላትና አጥንት ይቀራል። በርካሽ ይሰጧችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለዶርም ተዉት። ጭንቅላቱ ውስጥ ያለውን ቀይ ስንጥብ አውጥታችሁ ጣሉ፤ ሾርባውን መራራ ያደርገዋል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጨው ጨምራችሁ ግማሽ ሰዓት ቀቅሉ። አጥንቱን አጥልላችሁ አንድ ማንኪያ ቁሌት በጥብጡበት። ሎሚ ጨመቅ፣ ዳቦ ቆረስ።

እንጀራ ሲከርም ሻጋታ ሳይነካው ቆራርሳችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት። ሻጋታ የጀመረው ግን ይጣል። በሁለተኛው ቀን ድስቱ ላይ የተጣበቀችውን ቁሌት በብርጭቆ ውሃ አፍሉና ድርቆሹን ጨምሩበት። ውሃውን ሲመጥ አውርዱ። ቃሪያ ካለ ጣል አድርጉበት።