ኮምፒውተሩን ቆይ፣ መጀመሪያ ዳያል ጌጅ ያዝ

ገላን ጋ ትንሽ ወርክሾፕ አለችኝ፣ እዛ ያለው ሚሊንግ ማሽን (በሚሽከረከር መቁረጫ ብረት የሚቀርጸው) በእድሜ ከኔ ይበልጣል፣ አምና ሲኤንሲ አደረግኩት፣ ማለትም በእጅ የሚዞረውን ኮምፒውተር እንዲያዘው። እንዴት እንደሰራሁት የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ሞተርና ድራይቨር (ሞተሩን የሚያዘው ሳጥን) ለማዘዝ አትቸኩሉ። እኔ ቸኩዬ ነው የተቃጠልኩት። ሞተሮቹን ከዱባይ በሰው አስመጣሁ፣ ገጠምኩ፣ ከዛ 40 በ40 ብዬ ያዘዝኩት ካሬ አንዴ ይሰፋል አንዴ ይጠባል። ጎረቤቴ ጋሼ፣ ቶርኖ ላይ ያረጁ ሰው ናቸው፣ መጥተው ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ነቅነቅ አደረጉትና "አንተ ልጅ፣ ይሄ ጥርሱ የተነቃነቀ ሽማግሌ እኮ ነው፣ ኮምፒውተር ስላሰርክለት አጥንት ይቆረጥማል?" አሉኝ።

ስለዚህ ዳያል ጌጁን፣ ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳየውን መለኪያ፣ በማግኔቱ አቁሙና ጫፉን ጠረጴዛው ላይ አስነኩት፣ እጀታውን መርፌው እስኪሄድ ወደ አንድ በኩል አዙሩ፣ ዜሮ አድርጉ፣ ከዛ ወደኋላ እየመለሳችሁ መርፌው ንቅንቅ ሳይል እጀታው ስንት እንደተጓዘ አንብቡ። ያ ነው ባክላሽ፣ እኛ ሰፈር ጁኮ የምንለው። የኔ 0.45 ሚሊ ወጣ! አሁን ጠረጴዛውን የሚያስኬደውን ብሎን ራሱን እዩት፣ ወደፊትና ወደኋላ ሸርተት የሚል ከሆነ ጥፋቱ የጫፉ ኩሽኔታ ነው፣ በትንሽ ብር ያልቃል። ብሎኑ ቆሞ ጠረጴዛው ብቻ የሚሄድ ከሆነ ግን ዳዶው ተበልቷል፣ ቦል ስክሩ (ዳዶው ውስጥ ኳሶች የሚንከባለሉበት ብሎን) ግዙ። 2005 የሚባለው ውፍረቱ 20 ሚሊ ሆኖ በአንድ ዙር 5 ሚሊ የሚሄደው ነው። ሶፍትዌሩ ባክላሽ ያካክሳል የሚሏችሁን ሙሉ በሙሉ አትመኑ፣ ቁጥሩን ያካክሳል እንጂ መቁረጫው ጠረጴዛውን ወደ ራሱ ሲጎትተው አይይዝላችሁም።

ወደላይ ወደታች የሚያስኬደውን ብሎን ግን እኔ አልቀየርኩትም። ጠረጴዛው በክብደቱ ወደታች ስለሚጫን ጁኮው ብዙ አያስቸግርም፣ ደሞ ቦል ስክሩ ራሱን ስለማይቆልፍ ብሬክ ከሌለው መብራት በጠፋ ቁጥር ጠረጴዛው ቁልቁል ይወርዳል።

መብራትን ካነሳን አይቀር፣ እኛ ጋ ትልቁ ጉዳይ እሱ ነው። ስሪ ፌዝ (ባለ ሶስት መስመር መብራት) ከሌላችሁ 220 ገብቶ ስሪ ፌዝ 220 የሚያወጣ ቪኤፍዲ (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ግዙ፣ መቁረጫውን የሚያዞረው ሞተር ታርጋ 220/380 የሚል ከሆነ የሽቦዎቹን ግንኙነት ከስታር ወደ ዴልታ ቀይሩት። ከዛ ኮንታክተር፣ ኮይሉ መብራት ሲያገኝ የሚይዝ ማብሪያ ማለት ነው፣ እቺን እንዳትዘሏት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ በራሱ እንዳይነሳ፣ ስታርት ካልተጫነ የማይይዝ አድርጋችሁ እሰሩት፣ የአደጋ ማቆሚያውም ቀይ ቁልፍ የኮንታክተሩን ኮይል ይቁረጥ። እኔ ኮንታክተሩን ምናለሽ ተራ ነው ያገለገለ ያገኘሁት፣ እስካሁን ይሰራል። መብራት ሲመለስ ደሞ ማሽኑ የት እንደነበር ስለማያውቅ ከመቁረጣችሁ በፊት ሆም አድርጉት፣ ማለትም ወደ መነሻ ቦታው መልሱት። የቪኤፍዲውን ገመድ ከሊሚት ስዊች (ጠረጴዛው ጫፍ ሲደርስ የሚነካው ማብሪያ) ገመድ ጋር አብራችሁ አትሰሩ፣ እኔ አንድ ላይ ጠቅልዬ ስፒንድሉ (መቁረጫው የሚዞርበት) በተነሳ ቁጥር ሊሚት ተነካ እያለ ሶስት ቀን አሳበደኝ።

ሶፍትዌሩ ቀላሉ ነው። ሊኑክስ ሲኤንሲ በነፃ ነው፣ ፓራለል ፖርት (የድሮ ፕሪንተር መሰኪያ) ያላት አሮጌ ዴስክቶፕ ትበቃዋለች፣ ብቻ በፊት ኮምፒውተሯ ምን ያህል እንደምትዘገይ የሚለካውን የሌተንሲ ቴስት ከፍታችሁ ኮምፒውተሯን ቪዲዮ ምናምን እያስጨነቃችኋት ቆዩ፣ ከ20 ሺህ ናኖ ሰከንድ በታች ከሆነ አሪፍ ነው። ሂሳቡ፦ ስቴፐሩ (በእርምጃ የሚዞረው ሞተር) በዙር 200 እርምጃ፣ ድራይቨሩ አንዱን እርምጃ 8 ቦታ እንዲከፍል ከተደረገ 1600፣ በ5 ሚሊ ሲካፈል ለአንድ ሚሊ 320። 100 ሚሊ ሂድ ብላችሁት 50 ከሄደ ብሎኑን አትውቀሱ፣ ድራይቨሩ ላይ ያሉት ትናንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች ተሳስተዋል።

የመጀመሪያ ቁራጭ ብረት አይሁን፣ እንጨት ላይ ክብ ቁረጡ። ክቡ አራት ቦታ ላይ፣ ልክ አቅጣጫ በሚቀየርበት ጋ፣ ጠባሳ ቢጤ ካወጣ ጁኮው አልወጣም ማለት ነው፣ ዳያል ጌጁን መልሳችሁ አንሱት።