አየር የሚያፈስ የሞዴል እንፋሎት ሞተር፦ ጥፋቱ የምሰሶው መጋደል ነበር

ሲሊንደሩ በምሰሶ ላይ እየተወዛወዘ የእንፋሎት ቀዳዳዎችን የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ ሞተር ሠርቼ በኮምፕሬሰር አየር ስሞክረው፣ ቮላኖው (ዙሩን የሚያስቀጥለው ከባድ ጎማ) አንድ ሁለት ጊዜ ዞሮ ይቆም ነበር፤ አየሩም በሲሊንደሩና በማቆሚያው ገጽ መካከል እያፏጨ ይወጣ ነበር።

በመጀመሪያ ሲሊንደሩን ወደ ማቆሚያው የሚጫነውን ሞላ አጠበቅሁት፤ ፉጨቱ ቢቀንስም ሰበቃው ስለጨመረ ሞተሩ ጨርሶ አልዞር አለ። ቀጥሎም ሁለቱን ገጾች ወፍራም መስታወት ላይ በዘረጋሁት ባለ 600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በዘይት አሸኋቸው። ለውጥ አልመጣም። ፒስተኑንም እንደገና ሠራሁ፤ ሆኖም ችግሩ ከእርሱ ስላልነበር ሁለት ቀን በከንቱ አለፈ።

ነገሩ የተገለጠው አንዱን ገጽ በሰማያዊ ቀለም በስሱ ቀብቼ፣ ሲሊንደሩን ገጥሜ ካወዛወዝሁ በኋላ ስፈታው ነው። ቀለሙ የተላለፈው በአንድ ጠርዝ ብቻ ነበር፤ የምሰሶውን ቀዳዳ በእጅ መሰርሰሪያ ስለበሳሁት ምሰሶው ለገጹ በ90 ዲግሪ አልቆመም።

ቀዳዳውን አስፍቼ በነሐስ ደፈንሁት። ከዚያም ሲሊንደሩን በቶርኖው (ብረትን እያዞረ በሚቀርጸው ማሽን) ባለ 4 ጥርስ መያዣ አስሬ ገጹን በስሱ ከላጥሁ በኋላ፣ ሳልፈታው የምሰሶውን ቀዳዳ በዚያው በሳሁ፤ በቀዳዳው ውስጥ የብሎን ጥርስ የሚያወጣውን ማስኪዮም በቶርኖው የኋላ ራስ ደግፌ በእጅ አዞርሁ። ዋናው ነገር ይህ አለመፍታት ነው። በምሰሶው ዙሪያም 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ጎድጎድ አደረግሁ፤ ገጾቹ በቀዳዳዎቹ አካባቢ በደንብ እንዲገጥሙ ይረዳል። ሞላውን አላልቼ አየር ስከፍት ሞተሩ ያለ ፉጨት ዞረ።