ግማሽ ጥላ ለሆነ ከፍ ያለ መደብ መዓዛማ ተክሎችን እንዴት እንምረጥ?

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙው ግቢ ጠባብ ነው። በአንድ ወገን የቤቱ ግድግዳ፣ በሌላው የጎረቤት አጥር። ፀሐይ ትገባለች፣ ግን ጥቂት ቆይታ ትሄዳለች። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ መደብ የሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚመጣለት ጽጌረዳ ነው። እኔም ጽጌረዳ ተከልኩ። ሁለት ዓመት ውሃ ሳጠጣው ያየሁት አበባ በጣት የሚቆጠር ነው።

ጽጌረዳ ብዙ ፀሐይ ይፈልጋል። ጥላ በሚበዛበት ቦታ መዓዛን ከቅጠል መፈለግ ያዋጣል። ቅጠል ደግሞ ሲነካ ነው በደንብ የሚሸተው። ከፍ ያለ መደብ ደስ የሚለኝም ለዚህ ነው፤ ተክሉን እጃችን አጠገብ ያመጣዋል።

1. ፀሐዩን ተከታተሉ

ደመና በሌለበት ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ውጡና ጥላው የደረሰበት ቦታ ድንጋይ አስቀምጡ። እስከ 10 ሰዓት ድረስ በየሁለት ሰዓቱ ደግሙት። ቦታው በቀን ውስጥ በድምሩ 3፣ 4 ወይም 5 ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ካገኘ ግማሽ ጥላ ነው ማለት ነው።

አንድ ቀን ብቻ ማየት ግን ያሳስታል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ቀትር ላይ ፀሐይዋ በሰኔ ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን ትላለች፤ በታኅሣሥ ደግሞ በደንብ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። መደባችሁ ከአጥሩ በስተሰሜን ከሆነ፣ 2 ሜትር የሚረዝም አጥር በታኅሣሥ ቀትር ላይ ከ1 ሜትር በላይ ጥላ ይጥልበታል። ያው መደብ በሰኔ ቀትር ላይ ፀሐይ ይመታዋል። ከቻላችሁ ሁለቱንም ወር እዩት።

2. መደቡን አዘጋጁ

ቁመቱ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ግድግዳ ተጠግቶ ከሆነ ወርዱ ከ60 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ከዚያ በላይ እጅ አይደርስም። ኮትቻ የሚባለውን ጥቁር አፈር ብቻውን አትሙሉበት፤ ክረምት ላይ ውሃ ይይዝና ሥር ያበሰብሳል። ቀይ አፈር፣ በደንብ የበሰበሰ ፍግና ትንሽ አሸዋ ቀላቅሉ። ከሥር ውሃ መውጫ ተውለት።

ቀና ብላችሁ ጣራውንም እዩ። ከቆርቆሮው ጫፍ የሚወርደው ውሃ መደቡ ላይ ካረፈ አንድ ኃይለኛ ዝናብ አፈሩን ይቦረቡረዋል። መደቡ ጣራው ሥር ገባ ያለ ከሆነ ደግሞ በሐምሌም አፈሩ ደረቅ ሊሆን ይችላል፤ በጣታችሁ ነክታችሁ አጠጡ።

3. ተክሎቹን ምረጡ

ጥላው ለሚበዛበት ጫፍ ናና የሚያህል የለም። ችግሩ መስፋፋቱ ነው። ሥሩ ከመሬት በታች እየሄደ ሌላውን ያንቃል። እኔ ጋ አንድ ክረምት ሳይሞላው ኮሰረቱ መሐል ገብቶ ነበር። ከነፕላስቲክ ማሰሮው ቅበሩት፤ የማሰሮው አፍ ከአፈሩ ሁለት ጣት ብቅ ይበል።

ደማከሴም ጥላ ይችላል። ወደ ቁጥቋጦ ስለሚያድግ ከኋላ ይሁን፣ በየጊዜውም ይገረዝ። ምች ያመመው ጎረቤት ቅጠል ሊለምን ሲመጣ የሚቆረጠው ራሱ ግማሽ መግረዝ ነው።

ጤና አዳም ከመደቡ ሁሉ ፀሐይ ያለበትን ጥግ ስጡት። ጥላ ሲበዛበት ይቀጥናል፣ ይንጋደዳል። ቡና በሚፈላበት በኩል፣ ጠርዙ ላይ ትከሉት። ስኒው ከተቀዳ በኋላ እጅ ዘርግቶ አንዲት ቀንበጥ መቀንጠስ እንዴት ደስ እንደሚል የሞከረው ያውቀዋል። ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያርፍበት ቆዳውን ሊያቃጥልና ውሃ ሊያስቋጥር ይችላል። ብዙ የምትቆርጡ ከሆነ ፀሐይ ስትጠልቅ ቁረጡ፣ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ። ነፍሰ ጡር ሴት ባትጠጣው ይሻላል።

ኮሰረት ቢያንስ የጠዋት ፀሐይ ካገኘ ይበቅላል። ቅቤ ለማንጠር የሚሆን ቅጠል ከግቢ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ጠጅ ሳርም ይኖራል፣ ግን ይሳሳል፤ 1 ሜትር ገደማ ስለሚረዝምም ትንንሾቹን እንዳይሸፍን ከኋላ ይሁን።

ጦስኝና የጥብስ ቅጠል እዚህ መደብ ላይ አትድከሙባቸው። ጦስኝ የደጋ ሜዳ ተክል ነው፤ ክፍት ቦታ ለምዷል። በሶብላም ሙቀትና ፀሐይ ይወዳል። እነዚህን በማሰሮ ተክላችሁ ፀሐይ ወዳለበት ማዞር ይቀላል።

የአበባ ሽታ የግድ ካማራችሁ ጠምበለል አለ። በጫካ ዳር የሚያድግ ሐረግ ስለሆነ ግማሽ ጥላ አያስቸግረውም፤ ነጭ አበባው በጣም ይሸታል። ግን መደቡን ይውጠዋል። መሬት ላይ ተክላችሁ ወደ አጥሩ ልቀቁት።

4. ስትገዙ አሽትቱ

ችግኝ ሻጩን አስፈቅዳችሁ አንድ ቅጠል በጣት አሹና አሽትቱ። ሽታው ደካማ ከሆነ ሌላ ጠይቁ። ለናና፣ ለደማከሴና ለጠጅ ሳር ግን ባትከፍሉም ይሆናል። ናናና ደማከሴ በቁራጭ ይይዛሉ፤ ጠጅ ሳር ከነሥሩ ይገነጠላል። ጎረቤት ጠይቁ።

5. ትከሉ፣ ቀንጥሱ

ኃይለኛው ዝናብ ጋብ ሲል፣ መስከረም ላይ መትከል እመርጣለሁ። አፈሩ ገና እርጥብ ነው፣ ፀሐዩም ተመልሷል። ለቁጥቋጦዎቹ ከ50 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ርቀት ስጡ። ችግኙ ሥር ይዞ አዲስ ቅጠል ማውጣት ሲጀምር የላይኛውን ጫፍ ቀንጥሱት፤ ከጎን ቅርንጫፍ ያወጣል። የቀነጠሳችሁትን አትጣሉት። የናናው ጫፍ ለዚያ ቀን ሻይ ይበቃል።