ክሬቲኒን ብቻውን አይነበብም

የላብራቶሪ ወረቀታችሁ ላይ ክሬቲኒን 1.1 ተብሎ አጠገቡ «ኖርማል» ቢጻፍ፣ እዚያ ላይ አታቁሙ። «ኢጂኤፍአሩስ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ኩላሊት ደምን ምን ያህል እያጣራ እንደሆነ የሚገምት ቁጥር ነው። ከክሬቲኒን፣ ከዕድሜና ከጾታ ስለሚሰላ ሌላ ደም መስጠት አያስፈልግም።

ክሬቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ነው። ጡንቻው የሳሳ ሰው ትንሽ ስለሚያመርት፣ ኩላሊቱ ደክሞም ቁጥሩ ደህና ሊመስል ይችላል። ያው 1.1 ለ25 ዓመት ወጣት ወንድ 95 ገደማ ኢጂኤፍአር ይሰጣል። ለ65 ዓመት እናት ግን 56 አካባቢ! ከ60 በታች ሆኖ 3 ወርና ከዚያ በላይ ከቆየ የኩላሊት ሕመም ይባላል። እባካችሁ የእናቶቻችሁን ወረቀት አውጡና እዩ።

ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው የሽንት አልቡሚን (ወደ ሽንት የሚያልፍ ፕሮቲን) ምርመራም ያሠራ። ብዙ ጊዜ ክሬቲኒን ከመጨመሩ በፊት ችግሩን የሚጠቁመው እሱ ነው።

በምርመራው ዋዜማ ጥብስና ቅቅል ይቅርባችሁ፤ ከባድ ጂምም እንዲሁ። የክሬቲኒኑን ቁጥር ለጊዜው ከፍ ያደርጉታል። ስሌቱ ለነፍሰ ጡርና ጡንቻውን በጣም ላዳበረ ስፖርተኛ አይሆንም፤ እነሱ ሐኪማቸውን ሌላ መንገድ ይጠይቁ።